ከሦስተኛው ቀን በኋላ



ጀመዓችን በደንብ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ተዕዚያ ነው። የአንድ ተማሪ እናት ወይም አባት ወደ አኼራ መሄዳቸው የተሰማ ቀን ወሬው ከዶርም ዶርም ይደርሳል፤ ገና መግሪብ ሳይደርስ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይዋጣል፤ ሻንጣ የሚያዘጋጅ፣ እስከ መናኸሪያ የሚሸኝ፣ ከተቻለም አብሮ የሚሳፈር ወንድም አይጠፋም። ተማሪው ሲመለስ ደግሞ ዶርሙ በሰው ይሞላል። ዱዓ ይደረጋል፤ "አላህ ይዘንላቸው፤ አብሽር፤ ሶብር አድርግ" ይባላል። ይህ ሁሉ ትልቅ ኸይር ነው፤ አላህ ከሁላችንም ይቀበለን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ነው። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ የሟቹ ስም ከመካከላችን ይጠፋል። ጓደኞቹ አባቱን ቢያነሱበት የሚያስለቅሱት ይመስላቸዋል፤ እሱም ቢያነሳ ሰው የሚያስቸግር ይመስለዋል። ካፌ አብረው ይበላሉ፤ ላይብረሪ አብረው ይገባሉ፤ ስለ ሚድ ፈተና ያወራሉ፤ ስለ ዋናው ነገር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ይህን ዝምታ "ማሻአላህ፣ ሶብሩ ጠንካራ ነው" ብለን እናደንቀዋለን። እኔ ስሙ የተሳሳተ ይመስለኛል። የሞተ ወላጅ በልጁ ላይ ገና ብዙ ሐቅ አለው፤ ይህ ሐቅ ደግሞ በዝምታ አይወጣም። ስለዚህ ያዘነን ወንድም ወይም እህት ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሁለት ነገር እንጠይቅ እላለሁ። አንደኛው "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" የሚል ነው፤ ሁለተኛው "የቀረ ጉዳያቸው አለ ወይ?" የሚል።

ሦስት ቀን የሚለው ገደብ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ሐዲሱ ሴት ልጅ ለሟች ብላ ጌጥና ሽቶ የምትተውበትን ጊዜ በሦስት ቀን ይገድባል፤ ባሏ ለሞተባት ደግሞ አራት ወር ከአሥር ቀን ያደርገዋል። የተገደበው በልብስና በአኳኋን የሚታየው ሐዘን ነው። በልብ ያለው ሐዘን በሦስተኛው ቀን ዐስር ላይ ያልቃል ያለ ዓሊም አላውቅም።

የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል። ኮንክሪት በተሞላ ማግሥት ደረቅ ይመስላል፤ ሰው ቢሄድበትም እግሩ አይሰምጥም። የማያውቅ ሰው አልቋል ብሎ ይሄዳል። ናሙናው ግን በ7ኛው ቀን ይሰበራል፤ ዲዛይኑ የሚተማመንበት ጥንካሬ የሚለካው ደግሞ በ28ኛው ቀን ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ውሃ የሚያጠጣው ሰው ካልተገኘ ላዩ ይሰነጠቃል፤ ጥንካሬውም ከሚጠበቀው በታች ይቀራል። እኛ ወንድማችንን የምንጠይቀው ኮንክሪቱ በፈሰሰበት ቀን ነው፤ ውሃ በሚያስፈልገው ጊዜ ግን ሳይቱ ላይ ማንም የለም።

ሶብር ዝምታ አይደለም

"ኢማን ያለው ሰው አያለቅስም" የሚል ነገር አንዳንዴ ይሰማል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) መልካም ሶብርን የመረጡ ሰው ናቸው፤ በዚያው ሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ደግሞ በሐዘን ብዛት ዓይናቸው ነጭ እስኪሆን ያለቀሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው "ዛሬም ዩሱፍን ታነሳለህ?" በሚል ዓይነት ወቀሷቸው፤ እሳቸው ግን ማንሳታቸውን አልተዉም። ሐዘናቸውን የሚያቀርቡት ወደ አላህ መሆኑን ነገሯቸው። አንድ ሰው ሶብረኛም አልቃሽም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወትም ይህንኑ ያሳየናል። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አነባ፤ አጠገባቸው የነበረው አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ሲገረም እንባው እዝነት መሆኑን ነገሩት። የከለከሉት ፊት መምታትን፣ ልብስ መቅደድን፣ እየጮኹ ሙሾ ማውረድንና ጌታን የሚያስቆጣ ቃል መናገርን ነው። እናታቸው አሚና በአብዋእ ስትሞት የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ነቢይ ሆነው፣ ሠራዊት የሚመሩ ሰው ሆነው፣ መቃብሯን ሲዘይሩ አለቀሱ፤ በዙሪያቸው ያሉትንም አስለቀሱ። ያን ቀን "ይህ እኮ የቆየ ነገር ነው" ያላቸው ሶሐባ የለም።

ያቺን እናት ያጣች ነፍስ ከአብዋእ ወደ መካ ይዛ የተመለሰችው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (በረካ) ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይዘይሯት ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ አቡ በክር ዑመርን "እሳቸው ይዘይሯት እንደነበረው እኛም እንዘይራት" ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። እነሱም መጀመሪያ እንደኛው አጽናኑ፤ አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን ነገሯት። እሷም ይህን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ ስለተቋረጠ መሆኑን ስትነግራቸው አብረዋት አለቀሱ። ለተዕዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ቢያየው ጥሩ ነው። የተጓዙት ከጊዜ በኋላ ነው። ምክንያቷን አዳመጡ። ሲሰሙም "በቃ፣ ዝም በይ" አላሏትም።

የቀረ ጉዳይ

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የገንዘብ ነገር ነውና። በሸሪዓችን የሟች ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ወሲያው ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያው ዘመን ጀናዛ ሲቀርብላቸው ዕዳ አለበት ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ጥቂት ዲናር ዕዳ ባለበት ሰው ላይ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ ከመስገድ ተቆጥበዋል። ጉዳዩ ይህን ያህል ከባድ ነው።

በዚህ ለእኛ ዕድሜ ቅርብ የሆነው ሶሐባ ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ ነው። አባቱ በኡሑድ ሸሂድ ሲሆን ገና ወጣት ነበር። የአባቱን ፊት እየገለጠ አለቀሰ፤ ሰዎች ሲከለክሉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልከለከሉትም። አባቱ የተዉለት ሴት ልጆችንና ብዙ ዕዳ ነበር፤ የተምር እርሻው ምርት ዕዳውን የሚሸፍን አልነበረም። ጃቢር ጉዳዩን ደብቆ አልተቀመጠም፤ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄዶ ተናገረ። እሳቸውም መጥተው ከተምሩ ክምር ላይ ተቀመጡ፤ በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረጉ፤ ለባለዕዳዎቹ ተሰፍሮ ተከፍሎ ሲያበቃ ክምሩ ያልተነካ ይመስል ነበር። ጃቢር ጠና ያለች ሴት ያገባውም እህቶቹን እንድትይዝለት ብሎ ነው። በአንድ ልጅ ታሪክ ውስጥ እንባው፣ ዕዳው፣ እህቶቹና ትዳሩ አብረው ይሄዳሉ። ሐዘኑ ከኑሮው የተለየ ክፍል አልነበረውም።

ይህን ከኪታብ ብቻ ሳይሆን ከቤቴም አውቀዋለሁ። አባቴ በባቲ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሞት እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከዚህ ግቢ ባቲ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ጀናዛ ደግሞ አይቆይም፤ እንዲፋጠን የታዘዘ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሩቅ የተመደበ ተማሪ ወላጁን የመቅበር ዕድሉ ትንሽ ነው። በዚህ የሚብሰለሰል ወንድም ካለ አንድ ነገር ልንገረው። መስጂድ ትጠርግ የነበረችው ሴት በሌሊት ስትቀበር ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልተነገራቸውም፤ ሲያውቁ መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። በሐበሻ ምድር ለሞተው ለነጃሺ ደግሞ መዲና ሆነው ሰግደዋል። በርቀት መስገድ ለሁሉም ሟች ይሁን አይሁን መዝሃቦቹ ይለያያሉ፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ቁም ነገሩ ግን መንገድ ያስቀረው ልጅ በሩ እንዳልተዘጋበት ነው።

እናቴ ዒዳ ላይ ስለነበረች የሱቁ ነገር የኔና የታናሽ እህቴ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ያገኘነው አንድ የስፌት መኪና፣ የከሰል ካውያ፣ በገመድ የታሰሩ ጨርቆችና አንድ ጠርዙ የቆሸሸ ደብተር ነበር። ደብተሩ የተጻፈው በዐረብኛ ፊደል ስለሆነ እህቴ ኪታብ መስሏት ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ በክብር አስቀምጣው ነበር። ስገልጠው "ወገብ 84፣ ቁመት 102፣ ቀብድ ተቀብያለሁ" ይላል። ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው አማርኛ፤ ዐጀሚ ነው።

አባቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ፊደል የቆጠረው ደረሳ ሆኖ በየቂርኣት ቤቱ ሲዞር ነው። እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ያሉ የወሎ ዑለሞች የአማርኛ ግጥማቸውን የጻፉበትን ያንኑ የአጻጻፍ ልማድ እሱ ለሱሪና ለኮት ልክ ተጠቀመበት። ዐረብኛ ለማያውቀው ለ"ጨ" ፊደል የራሱን ነጥብ ይጨምራል፤ ሥራው ጨርቅ ነውና "ጨ" በየመስመሩ አለች። የደንበኞቹን ስም ብዙ ጊዜ አይጽፍም። "ችኩሉ አስተማሪ"፣ "ሁለት ግመል የሸጠው አፋር"፣ "ልጇን የምትድረው"፣ "ቁመቱ እንደኔ የሆነው" እያለ ይመዘግባል። ልብሱ ሲያልቅ መስመሩን ይሰርዛል። ያልተሰረዙት 17 ነበሩ። ስድስቱ ተቆርጠው ያልተሰፉ ናቸው፤ የቀሩት ገና መቀስ ያልነካቸው ጨርቆች ናቸው። ከአብዛኞቹ ላይ ቀብድ ተወስዷል።

እነዚህ 17 መስመሮች የሰው ሐቅ ናቸው። የባቲ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ከየአቅጣጫው ይወጣል። የአባቴ ደንበኞችም የሚገኙት ያን ቀን ነው። ሁለቱን ሰኞ እኔ እያለሁ ሱቁን ከፈትን፤ ከዚያ ወደ ግቢ ተመለስኩ። የቀረውን እህቴ ቀጠለች። የደብተሩን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፤ እኔ ዶርም አልጋዬ ላይ ሆኜ አነብላታለሁ፤ "ባለ ሁለት ግመሉ መጥቷል፣ ቀብዱ ስንት ነበር?" ትለኛለች። የተቆረጡትን ስድስቱን የአባቴ የድሮ ባልደረባ የሆኑ ልብስ ሰፊ ወስደው ሰፏቸው፤ የእጃቸውን ዋጋ አንቀበልም አሉ። አንዲት እናት ቀብዳቸውን ስንመልስላቸው "ዐፍው ብያለሁ፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነበር" ብለው ቁጭ ብለው አለቀሱ። የአንዱ ባለቤት እስከ መጨረሻው አልተገኘም። የሰፈራችንን ሸኽ ስንጠይቃቸው፣ በባለቤቱ ስም ሰደቃ አውጡት፤ አንድ ቀን ከመጣ ግን ክፈሉት አሉን። መስመሩ ደብተሩ ላይ እንዳለ አለ፤ አልሰረዝነውም።

ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?

አባቴ ለከፈን ጨርቅ ሲቆርጥ ገንዘብ እንደማይቀበል ቤታችን ያውቃል። ምክንያቱን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ የሱ ደግነት ነው ብለን እናልፈዋለን። የነገሩን ስድስቱን ልብስ የሰፉት ባልደረባው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ባቲ ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ ነበረባት። አባቴና እሳቸው ያኔ የልብስ ሰፊ ረዳት የሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ነጭ አቡጀዲ ሲያልቅ የእርዳታ እህል የመጣበትን ጆንያ ፈትተው ከፈን ይቆርጡ እንደነበር፣ አንዳንድ ቀን ከሱብሒ እስከ ምሽት መቀስ ከእጃቸው እንደማይወርድ አጫወቱን። "አባትህ ከዚያ በኋላ ለከፈን ሳንቲም አልተቀበለም፤ ስለዚያ ዘመንም አያወራም" አሉኝ።

እኔ አባቴን 21 ዓመት አውቀዋለሁ። ይህን ያወቅሁት ግን ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ፣ ዕዳ ለመመለስ በሄድኩበት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሞት በኋላ ለወላጅ ከሚደረጉ በጎ ነገሮች መካከል ዱዓንና ኢስቲግፋርን፣ ቃላቸውን መፈጸምን፣ ዝምድናቸውን መቀጠልንና ጓደኞቻቸውን ማክበርን ጠቅሰዋል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር መንገድ ላይ ያገኙትን አንድ የገጠር ሰው አባቱ የዑመር ወዳጅ ስለነበር ብቻ አህያቸውንና ጥምጥማቸውን ሰጥተውታል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በግ ሲያርዱ ለኸዲጃ (ረ.ዐ.) ጓደኞች ሥጋ ይልኩ ነበር፤ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላም ስሟን ከአፋቸው አላጠፉም። እኔ ድሮ ይህን ሁሉ ለጓደኞቹ የሚደረግ ውለታ አድርጌ ነበር የማነበው። አሁን እንደምረዳው ግን የወላጃችን ግማሽ ታሪክ ያለው ጓደኞቹ ዘንድ ነው። እነሱን የሚዘይር ልጅ ሰጥቶ ብቻ አይመለስም።

ስለ ንባብም አንድ ነገር ልበል። ሐዘን ላይ ያለ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ አንዱን መስመር አምስት ጊዜ አንብቦ ምንም ሳይገባው ይነሳል። "ራስህን በትምህርት አስረሳው" የሚለው ምክር ለብዙ ሰው የማይሠራው ለዚህ ነው። እኔን ወደ ንባብ የመለሰኝ የአባቴ ደብተር ነው። መስመሩ አጭር ነው፤ ቁጥር አለው፤ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ከዚያ ከሱብሒ በኋላ አንድ ገጽ ቁርኣን ከነትርጉሙ ተከተለ፤ ከዚያ የሶሐባ ታሪክ፤ የስትራክቸር መጽሐፌ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለሟች ቁርኣን መቅራት ላይ ያለውን ኺላፍ ለዑለሞች እተወዋለሁ፤ ዱዓና ሰደቃ እንደሚደርስ ግን ተስማምተውበታል፤ ያዘነ ሰው ለራሱ ልብ ብሎ መቅራቱንም የሚነቅፍ የለም። የእያንዳንዳችሁ ወላጅ የተወው ጽሑፍ የተለያየ ነው። የአንዱ የዕቁብ ደብተር ነው፤ የሌላው የዕድር ወረቀት፤ የአንዷ እናት በስልክ የላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ከሆነ ደግሞ የተጻፉት በሰው ላይ ነው፤ ሄዳችሁ አዳምጡ።

"ይህ ሁሉ ቁስል መቀስቀስ አይሆንም ወይ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መናገር የማይፈልግ ሰው አለ፤ ጊዜውም ላይሆን ይችላል። ጠይቀነው "ዛሬ ይለፈኝ" ካለ እንተወዋለን። ግን ከልምድ የምነግራችሁ ነገር አለ። ያ ፎቶ ስልኬ ላይ ሲታይ አንድ የዶርሜ ልጅ "ምንድን ነው የምታነበው?" አለኝ። ደብተሩን አሳየሁት፤ "ችኩሉ አስተማሪ" የሚለው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን። አባቴ ከሞተ በኋላ ስለሱ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁስሉን የቀሰቀሰው ጥያቄው አይደለም፤ ቁስሉማ ነበረ። ጥያቄው አየር ሰጠው።

ከጀመዓው የሚጠበቀው

ለጀመዓችን የማቀርባቸው ሐሳቦች ትንንሽ ናቸው፤ ትልቅ በጀት አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ ለሞተበት ተማሪ አንድ ሰው ይመደብ፤ ለወንድም ወንድም፣ ለእህት እህት። የዚህ ሰው ሥራ የሚጀምረው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው። በሳምንቱ፣ ከዚያም በ28ኛው ቀን አካባቢ ከግቢ ውጭ ካለው መስጂድ ሰግደው ሲመለሱ ሻይ ይጋብዘው፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ይጠይቀው። ኢድ ሲመጣ ደግሞ አይርሳው፤ ያለ እናት የሚመጣው የመጀመሪያው ኢድ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ የቀረ ጉዳይ ላለው የምናግዝ እንሁን። የሕግ ተማሪዎች አሉን፤ የአካውንቲንግ ተማሪዎች አሉን፤ ፈራኢድ የቀሩ ወንድሞች አሉን። አባቱ የሞተበት የ20 ዓመት ልጅ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከውርስ በፊት ምን እንደሚከፈል፣ እናቱና እህቶቹ ስንት እንደሚደርሳቸው ላያውቅ ይችላል። በተለይ የእህቶች ድርሻ በባህል ስም ሲዋጥ ዝም የሚል ልጅ ለአባቱ ዱዓ ቢያደርግ እንኳ ሐቁን አልተወጣም። እዚህ ላይ የሚረዳ አንድ ሰዓት ምክር ከመቶ "አብሽር" ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የትምህርቱ ነገር። የቀረበትን ሌክቸር ኖት የሚያሰባስብለት፣ ፈተና አምልጦት ከሆነ ከዲፓርትመንቱ ጋር አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑር። ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙት ሐዘን ላይ ያለ ሰው ራሱን ማስተናገድ ስለሚያቅተው ነው። በግቢ ኑሮ ኖት ከምግብ አይተናነስም።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ላሉላችሁ ደግሞ፣ አላህ ያቆይላችሁ። የሴሚስተር ዕረፍት ሲደርስ ስልኩን አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው። የት ተወለዱ፤ ማን አስቀራቸው፤ ማን አሳደጋቸው፤ የከፋው ዘመን የትኛው ነበር? ሰው ዘንድ ያላቸውን፣ ሰውም እነሱ ዘንድ ያለውን አማና እንዲጽፉ ወይም እንዲያጽፏችሁ በአደብ ለምኗቸው። የሚወሰይበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። ይህ ሟርት አይደለም። ለልጅ የሚቀር እፎይታ ነው። አባቴ ያንን ደብተር በዐጀሚም ቢሆን ባይጽፈው ኖሮ ያ ሁሉ ጨርቅ የማን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀር ነበር።

የመድረሳ ትምህርትን ከመንግሥት ትምህርት ጋር ይዘን ያደግን ብዙ ነን። አንዳንዶቻችን ግቢ ከገባን በኋላ ቃዒዳውን የልጅነት ነገር አድርገን ትተነዋል። የወላጆቻችን ሐቅ በየትኛው ፊደል ተጽፎ እንደሚጠብቀን ግን አናውቅም። ሁለቱንም አትተዉ።

አላህ ሆይ! ለሞቱት እናቶቻችንና አባቶቻችን ማርልን፤ መቃብራቸውን ሰፊ አድርግላቸው፤ ከሰው ሐቅ የቀረባቸውን የምንወጣላቸው ልጆች አድርገን። በሕይወት ያሉትን ዕድሜና ዓፊያ ስጥልን። ያዘኑ ወንድሞቻችንን እና እህቶቻችንን የምናስታውስ እንጂ የምንረሳ አታድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።